የአምስቱ ሳጥኖች ዕዳ

በጁባ ሸሪካት ሰፈር አንድ ተከላካይ በፋውል ከሜዳ ሲወጣ የውጤት መመዝገቢያው ወረቀት ላይ የሚቀረው ጥፋቱ ብቻ ነው። የተጫዋቾችን ችሎታ በቁጥር የሚመዝኑት ቀመሮችም ስለ ፋውል እርስ በርስ አይስማሙም።

የፋውል ካርቶኗ ላይ 5 ቁጥር በቀይ ተጽፏል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ልጅ ከፍ አድርጎ ሲያሳያት ረጅሙ ተከላካይ አልተከራከረም። ማልያውን ከቁምጣው መዘዝ አድርጎ ወደ ዛፉ ጥላ ሄደ፤ ከጓደኞቹ አንዱ የውሃ ጀሪካን አቀበለው። አራተኛው ኳርተር ገና መጋመሱ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ተጋጣሚዎቹ ቅርጫቱ ሥር እንደ ልባቸው ይመላለሱ ጀመር። እየመራ የነበረው ቡድንም ተሸነፈ።

ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀቱን አየሁት። በረጅሙ ልጅ ስም ትይዩ አራት ነጥብና አምስት ፋውል ይላል። ሌላ ምንም የለም። ወረቀቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው፣ ይህ ልጅ ቢወጣ ቡድኑ ምን ይጎድልበታል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሸሪካት ከጁባ ድልድይ ማዶ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቅ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ የሚመጣው አስፋልት ዋና ከተማዋን የሚያገኘው በዚሁ በኩል ነው። የጭነት መኪናው፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ፣ የውሃ ቦቴው ሁሉ አቧራውን እያስነሣ ያልፋል። ከመንገዱ ገባ ሲሉ ሜዳው አለ። ወለሉ ቀይ አፈር ነው። ሰሌዳው ጣውላ፣ ቀለበቱ ብረት ሲሆን መረብ የሚባል ነገር የለውም። መረብ በሌለበት ኳሷ በቀለበቱ ውስጥ ትለፍ ወይም በአጠገቡ ትለፍ ከጎን ለቆመ ሰው አይለይም፤ ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል።

ሐበሻ ለጁባ እንግዳ አይደለም። ሆቴል የከፈተው፣ ምግብ ቤት የሚያስተዳድረው፣ ውሃ በቦቴ የሚያመላልሰው፣ ሱቅ የያዘው ብዙ ነው። አብዛኛው እግር ኳስን ይዞ መጥቶ እዚህ ቅርጫት ኳስን የለመደ ነው። ምግብ ቤት ያለው አንድ የአገራችን ሰው ልማዱ እንዴት እንደመጣ ሲያጫውተኝ፣ «መጀመሪያ ደንበኞቼ ቻናሉን ቀይር ሲሉኝ እናደድ ነበር። አሁን እኔው ቀድሜ ነው የምከፍተው። ግን ወንድሜ፣ አንድ ነገር አልገባኝ ብሏል፤ ጎበዝ የሚሉት ተጫዋች ፋውል ሲበዛበት ለምን ዝም ይላሉ?» አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን ዓለምን ካስደነቀ ወዲህ የተጫዋቾችን ቁጥር በቃሉ የሚወርድ ወጣት ሞልቷል። ነጥብ፣ ሪባውንድ (የሳተ ውርወራን መያዝ)፣ አሲስት (ለሚያስገባው ማቀበል) ይባላል። ፋውል ግን በዚያ ወሬ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለንደን ላይ የተቆጠረውና ያልተቆጠረው

(ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ሐምሌ 2011 ነው። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ አባል የሆነችው በ2013 ማብቂያ ላይ ነበር። በ2023 በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፋ፣ ከአፍሪካ ቡድኖች የተሻለ ውጤት በማምጣት የፓሪስ ኦሎምፒክን ትኬት ቆረጠች። በዋዜማው፣ ሐምሌ 20 ቀን 2024 ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አድርጋ 101 ለ100 ተሸነፈች። ሌብሮን ጄምስ ጨዋታው ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ሲቀረው ያስገባት ኳስ ባትኖር ኖሮ የዚያ ምሽት ወሬ ሌላ ይሆን ነበር።

በዚያ ጨዋታ የደቡብ ሱዳኑ ካርሊክ ጆንስ 15 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድና 11 አሲስት አስመዘገበ። ይህ ትሪፕል ደብል ይባላል። በሦስት ዘርፍ ሁለት አሃዝ መሙላት ማለት ነው። ጁባ ውስጥ ትሪፕል ደብል ምን እንደሆነ የማያውቅ የሠፈር ልጅ አታገኙም። ቁጥሩ የጆንስን ታላቅነት በትክክል ይናገራል። የማይናገረው ግን አለ። ከኋላው ቆመው የአሜሪካን ግዙፎች በትከሻቸው ያቆሙት፣ እያንዳንዱን ቀላል ኳስ በፋውል ያስቀሩት ተከላካዮች በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ካሉም በጥፋት ዓምድ ብቻ ነው።

አገሪቱ እስከዚያ ድረስ የቤት ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አልነበራትም። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትና የቀድሞው የአሜሪካ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ኮከብ ሉኦል ዴንግ ይህን በየመድረኩ ተናግሮታል። ስለዚህ በፓሪስ ኦሎምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ያሸነፈው ቡድን ታናናሽ ወንድሞች የሚያድጉት ሸሪካትን በመሰሉ ሜዳዎች ነው። የሚመዘኑትም ሸሪካት ባለው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ምን ያያል?

ወረቀቱን ያወጣው ፊባ ነው። ፎቶ ኮፒ በፎቶ ኮፒ እየሆነ እዚህ ደርሷል። በየተጫዋቹ ስም አጠገብ አምስት ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። አንድ ተጫዋች ተራ ፋውል ሲሠራ አንዱ ሳጥን ውስጥ «ፒ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ትገባለች። ፋውሉ ሁለት ፍሪ ስሮው (የቅጣት ውርወራ) ካስከተለ ከፊደሏ ጎን ትንሽ 2 ትጻፋለች። ተቃራኒው ፋውል ተሠርቶበትም ኳሱን ካስገባና አንድ ተጨማሪ ውርወራ ካገኘ ደግሞ 1 ትሆናለች። ቴክኒካል ፋውልና ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል የየራሳቸው ፊደል አላቸው። አምስቱ ሲሞሉ ተጫዋቹ ይወጣል።

ቀለሙም ትርጉም አለው። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ኳርተር በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በሰማያዊ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ ይሞላሉ። ሁለተኛው ኳርተር ሲያበቃ በተሞሉትና ባልተሞሉት ሳጥኖች መካከል ወፍራም መሥመር ይሰመራል። ከሥር ደግሞ የቡድኑ ፋውል በየኳርተሩ ከ1 እስከ 4 ይሰረዛል። ከአራተኛው በኋላ የሚሠራ የመከላከል ፋውል፣ ተቃራኒው ኳስ ባይወረውር እንኳ፣ ሁለት ፍሪ ስሮው ያስከፍላል።

ይህን ማንበብ የሚያውቅበት ሰው ከአምስት ሳጥን ብዙ ታሪክ ያወጣል። በቀይ የተጻፈች፣ ቁጥር የሌላት ፒ በኳርተሩ መጀመሪያ የተሠራች ከሆነች ቡድኑን ያስከፈለችው ምናልባት ኳሱን ከጎን ማስጀመር ብቻ ነው። በሰማያዊ የተጻፈች፣ 2 ያለባት ፒ ግን ሁለት ነጥብ ልታስወጣ ትችላለች። ሁለቱም ግን በመጨረሻ ላይ አንድ አንድ ተብለው ይደመራሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ እስክሪብቶ ብቻ ካለ፣ ወይም ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ፣ ቀለሙም ይጠፋል።

ዋናው ችግር ግን ወረቀቱ የማይመዘግበው ነው። የገባ ኳስ ይጻፋል፣ የሳተ አይጻፍም። ሪባውንድ የለም። አሲስት የለም። የተነጠቀ ኳስ፣ በእጅ የተመለሰ ውርወራ፣ ማለትም ብሎክ፣ የለም። ፋውል የሠራው ይጻፋል፣ የተሠራበት አይጻፍም። በትልልቅ ውድድሮች ይህን ሁሉ የሚሞላ ሌላ ባለሙያና ኮምፒውተር አለ። ሸሪካት ላይ ያለው ግን ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ኳስ የሚያስገባው ልጅ በነጥቡ ይታወቃል፤ የሚከላከለው ልጅ የሚታወቀው በጥፋቱ ነው።

«ተከላካይ ሥራውን ሲሠራ አይጻፍለትም፤ ሲያቅተው ይጻፍበታል።»

ይህን ያለኝ ከአሰልጣኞቹ አንዱ ነው። ቀጠለ፦ «ተመልከት፣ ጠባቂው ከውጭ ያለውን ልጅ ያሳልፈዋል። ረጅሙ የራሱን ሰው ትቶ ሊያግዝ ይመጣል። ዘግይቶ ስለሚደርስ ይነካዋል። ፋውሉ የማን ነው? በወረቀቱ የረጅሙ ነው። በእኔ ዓይን የጠባቂው ነው።»

ባልበላው ዕዳ መክፈል ማለት እንዲህ ነው።

ብሎክ ያልነበረበት ዘመን

ሸሪካትን ኋላቀር አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የአሜሪካው ኤንቢኤ ራሱ ብሎክና የተነጠቀ ኳስ መቁጠር የጀመረው በ1973 በተከፈተው የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቢል ራስል፣ በመከላከል 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሰው፣ ስንት ኳስ እንደመለሰ የሊጉ መዝገብ አያውቅም። ፋውሉን ግን አንድ በአንድ ያውቃል።

ማኑት ቦል የመጣው ቆጠራው ከተጀመረ በኋላ መሆኑ ዕድል ነው። ከዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ተነሥቶ፣ ዋውንና ካርቱምን አልፎ በ1985 ኤንቢኤ የገባው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር የነበረው ማኑት፣ በሙያ ዘመኑ 1,599 ነጥብ አስቆጥሮ 2,086 ኳስ በብሎክ መልሷል። ካስገባው ነጥብ የመለሰው ኳስ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። እስቲ ይህን ሰው በሸሪካቱ ወረቀት መዝግቡት። ሁለት ሺህ ሰማንያ ስድስቱ ብሎክ እንዳለ ይጠፋል። የሚቀረው ጥቂት ነጥብና ብዙ ፒ ነው።

ብሎክና ፋውል ደግሞ ጎረቤት ናቸው። ኳሷን ለመምታት የሚዘለው እጅ በአንድ ጣት ስፋት ቢያንስ የሚመታው የሰውን ክንድ ነው። ፋውል ጨርሶ የማይሠራ ረጅም ተከላካይ ወይ እጅግ የተካነ ነው፣ ወይ መዝለሉን ትቶታል። ዊልት ቻምበርሌን በ1,045 መደበኛ የኤንቢኤ ጨዋታዎች አንድም ቀን በፋውል ከሜዳ አልወጣም። ይህን እንደ ትልቅ ክብር የሚቆጥሩለት አሉ። ተቺዎቹ ደግሞ አራትና አምስት ፋውል ሲሞላበት መከላከሉን ያላላ ነበር ይላሉ። ዜሮ እንኳ ሁለት ትርጉም አለው።

ሁለት ሚዛን፣ ሁለት ፍርድ

የተጫዋችን ጠቅላላ አስተዋጽኦ በአንድ ቁጥር ለመግለጽ የተፈጠሩ ቀመሮች ብዙ ናቸው። ልዩነታቸው በፋውል ላይ ጎልቶ ይወጣል። ፊባ «ኤፊሸንሲ» ብሎ የሚጠቀምበት ቀመር ነጥብን፣ ሪባውንድን፣ አሲስትን፣ የተነጠቀ ኳስንና ብሎክን ይደምርና የሳተ ውርወራንና የጠፋ ኳስን ይቀንሳል። ፋውልን አያውቀውም። አምስት ሠርቶ የወጣውም፣ አንድም ያልሠራውም ለእርሱ እኩል ናቸው።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ይዛለች። በ1991 የስፔን ሊግ የፈጠረው፣ ኋላም ዩሮሊግ የወሰደው ምዘና የተሠራብህን ፋውል ይደምርልሃል፣ የሠራኸውን ይቀንስብሃል፤ ሁለቱንም አንድ አንድ ነጥብ። አሜሪካዊው ጆን ሆሊንጀር ለአንድ ጨዋታ ባወጣው ቀመር ደግሞ ፋውል 0.4 ነጥብ ያስቀንሳል። ለአንዱ ጥፋት ዋጋ የለውም፣ ለሌላው ሙሉ ነጥብ ነው፣ ለሦስተኛው ከግማሽ ያንሳል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሁለት ተጫዋቾችን በሐሳባችን እንፍጠር። አንደኛው ረጅም ነው። ከሰባት ውርወራ አራቱን አስገብቶ 8 ነጥብ፣ 9 ሪባውንድ፣ 1 አሲስት፣ 2 ብሎክ አለው። ሁለት ኳስ አጥፍቷል፣ አምስት ፋውል ሠርቷል፣ ሁለት ተሠርቶበታል። ሁለተኛው ኳስ አቀባይ ነው። ከአሥር ውርወራ አራት አስገብቷል፤ ስድስት ፍሪ ስሮው አግኝቶ ስድስቱንም አስገባና ነጥቡ 14 ሆነ። 3 ሪባውንድ፣ 3 አሲስት፣ 1 የተነጠቀ ኳስ፣ 3 የጠፋ ኳስ አለው። ሁለት ፋውል ሠርቷል፣ ሰባት ተሠርቶበታል።

በፊባ ቀመር ረጅሙ 15፣ አቀባዩ 12 ያገኛሉ። በዩሮሊግ ቀመር ረጅሙ ወደ 12 ይወርዳል፣ አቀባዩ ወደ 17 ይወጣል። ጨዋታው አንድ፣ ተጫዋቾቹ እነዚያው ሆነው የቀኑ ምርጥ ተለወጠ።

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። አቀባዩ ስድስቱን ፍሪ ስሮው ያገኘው በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ተመሪው ቡድን ሰዓት ለማስቆም ሆን ብሎ ሦስት ጊዜ ስለያዘው ነው እንበል። እነዚያን ስድስት ነጥቦችና ሦስት ፋውሎች ብናወጣ የዩሮሊግ ቁጥሩ ከ17 ወደ 8 ይወርዳል። ረጅሙ እንደገና በለጠ። ከረጅሙ አምስት ፋውሎች ሁለቱ ለጠባቂ እርዳታ ሲመጣ የተሠሩ ከሆኑና እነሱን ብንተውለት ልዩነቱ ይሰፋል። ቀመሩ አልተሳሳተም፣ የተባለውን ደምሯል። ያልተነገረው ግን ፋውሉ መቼና ለምን እንደተሠራ ነው።

የመጨረሻዋ ደቂቃ ስጦታ

ሆን ተብሎ የሚሠራ ፋውል ቅርጫት ኳስን ለማያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ያየ ዕለት «እየተሸነፉ ቅጣት ይፈልጋሉ እንዴ?» ብሎ ስቆ ነበር። ነገሩ ግን ስሌት ነው። ተመሪው ቡድን ኳስ የያዘውን ይይዘዋል፤ ሰዓቱ ይቆማል። ባለ ኳሱ ፍሪ ስሮው ይወረውራል፣ ምናልባት ይስታል፣ ኳሱም ወደ ተመሪው ይመለሳል። መሪው ቡድንም ይህን ስለሚያውቅ ኳሱን በመጨረሻ የሚያሲዘው ለማይስት ልጅ ነው። ያ ልጅ በየሳምንቱ አራት አምስት ነጥብ እንዲሁ ይጨምራል። ችሎታ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ጫና ውስጥ ፍሪ ስሮው ማስገባት ራሱ ችሎታ ነው። ግን ቡድኑ ባይመራ ኖሮ እነዚያ ነጥቦች አይኖሩም ነበር። ደካማ ቡድን ውስጥ ያለ እኩያው ይህን ዕድል አያገኝም።

ሌላኛው ጎን ደግሞ አለ። ፍሪ ስሮው የማይሆንለትን ተጫዋች እየፈለጉ መያዝ። ሻኪል ኦኒል ከፍሪ ስሮው ያስገባው ከግማሽ በጥቂት የሚበልጥ ነበርና ተጋጣሚዎች ኳስ ባይዝም ይይዙት ነበር። ያዡም ብዙ ጊዜ ከወንበር የተነሣ፣ ፋውሉን እንዲሠራ ብቻ የገባ ተጫዋች ነው። በስድስት ደቂቃ አራት ፋውል የተጻፈበት ሰው በቁጥር ሲታይ ቁጡና ሥርዓት የለሽ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የታዘዘውን ፈጽሞ የተመለሰ ታዛዥ ነው። ኤንቢኤ በ2016 ከኳስ ርቆ የሚሠራ ፋውልን በየኳርተሩ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ጠንከር ባለ ቅጣት ገድቦታል።

ፋውል ማስሠራትን ሙያ ያደረጉም አሉ። ጄምስ ሃርደን በ2018-19 በጨዋታ በአማካይ 36.1 ነጥብ ሲያስቆጥር አሥራ አንድ ያህል ፍሪ ስሮው በየጨዋታው ይወረውር ነበር። ሊጉ በ2021 ተከላካዩን ለማጥመድ ብቻ የሚደረጉ ተፈጥሯዊ ያልሆኑ እንቅስቃሴዎች ፋውል እንዳያሰጡ ለዳኞች መመሪያ ሰጠ። ማለትም ትናንት ችሎታ ተብሎ የተደመረው ነገር ዛሬ አይደመርም። ሰውየው አልተለወጠም፣ ፊሽካው ተለወጠ።

ፊሽካ ስል ትዝ ያለኝ፣ በአፈር ሜዳ ዳኛው የሚያየውም ይለያል። መስመሩ በኖራ ወይም በእንጨት ይሰመራል፤ ጨዋታው ሲጋጋል ይጠፋል። ረጅም ልጅ ሲገፋ አይወድቅም፤ ስለማይወድቅም ፋውል አይነፋለትም። ቀጭኑ ጠባቂ ትከሻ ሲነካው ይንከባለላል። ይህን የማያውቅ ዳኛ የለም፣ ግን ሁልጊዜ ከስህተቱ አያመልጥም።

አንድ ሌላ ስውር ነገርም ልጨምር። ፋውል ተሠርቶበት ውርወራው የሳተበት ተጫዋች ያ ውርወራ እንደ ሙከራ አይቆጠርበትም። ገብቶለት ከሆነ ግን ይቆጠርለታል። ስለዚህ ወደ ቅርጫቱ ሥር ደፍሮ የሚገባ ልጅ የማስገባት መቶኛው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ለማስተካከል ሙያተኞች ፍሪ ስሮውን ከውርወራው ጋር የሚቀላቅል ስሌት ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱን ፍሪ ስሮው እንደ 0.44 ሙከራ ይቆጥሩታል። ግማሽ ያልሆነው ኳሱ ከገባ በኋላ የሚሰጠው ተጨማሪ ውርወራና የቴክኒካል ቅጣት አዲስ የማጥቃት ተራ ስለማይወስዱ ነው።

ወንበር ላይ ያለፈ ጊዜ

ከሁሉ የከፋው የፋውል ጉዳት በየትኛውም ዓምድ የማይጻፈው ነው፦ ያልተጫወቱት ደቂቃ። በፊባ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ፣ የፋውል ገደቡ አምስት ነው። በኤንቢኤ 48 ደቂቃና ስድስት። ሁለቱም ስናካፍላቸው ለስምንት ደቂቃ አንድ ፋውል ነው የሚደርሰው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁለት የሠራ ልጅ በጀቱን እየጨረሰ ነውና አሰልጣኙ ያስቀምጠዋል።

ማስቀመጡ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አሰልጣኞችን ለሁለት ይከፍላል። ፊሊፕ ሜይሚንና ባልደረቦቹ የኤንቢኤ ጨዋታዎችን መርምረው፣ የፋውሉ ቁጥር ከኳርተሩ ቁጥር በአንድ የበለጠበትን ቋሚ ተጫዋች ማስቀመጥ በአመዛኙ ይጠቅማል ብለዋል፤ በመጀመሪያው ኳርተር ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፋውል የፈራ ተከላካይ እጁን ይሰበስባል። በሌላ በኩል የሚቆሙት ደግሞ፣ ይወጣብኛል ብሎ ፈርቶ ማስቀመጥ የፈሩትን ነገር በገዛ እጅ መፈጸም ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ፤ በተለይ ቡድኑ ሌላ ረጅም ልጅ በሌለው ሜዳ።

ለቁጥሩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ያስቀመጡት ልጅ በጨዋታ አማካዩ ይወርዳል። በደቂቃ ሲሰላ ግን ደህና ይመስላል፤ ምክንያቱም ደክሞት አያውቅም። ቁጥሩን በደቂቃ ብቻ የሚያነብ ሰው፣ ይህን ልጅ ሠላሳ ደቂቃ ባጫውተው እንዲህ ይሆናል ብሎ ይሸወዳል። ሠላሳ ደቂቃ መቆየት ራሱ ችሎታ ነው። ሉኦል ዴንግ በቺካጎ ቡልስ ሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ በ2011-12ና በ2012-13፣ በአማካይ የተጫወተበት ደቂቃ ከሊጉ ሁሉ የበዛ ነበር። የተጋጣሚን ዋና አጥቂ እየያዘ ይህን ያህል ሜዳ ላይ መቆየት የፋውልን ሒሳብ ሳያውቁ አይቻልም። ከላይ ያየናቸው ቀመሮች ግን ለዚህ ነጥብ አይሰጡም።

ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሲሆን ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንት ገባበት የሚለው ምዘናም ከዚህ አያመልጥም። ተከላካዩ ፋውል ይሠራና ወዲያው ይቀየራል። ፍሪ ስሮዎቹ ሲወረወሩ እሱ ወንበር ላይ ነው። ሁለቱ ነጥቦች የማን ዕዳ ናቸው? አሁን ገና የገባው ምስኪን ምንም አልሠራም። ጥፋቱ ሲሠራ ሜዳ ላይ የነበሩትን ማስከፈል ትክክል ይመስለኛል።

ለማን ነው የሚታሰበው?

ይህ ሁሉ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አቧራ ውስጥ ቁሞ መከራከር ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ካማን ማሉዋክ የሚባል ልጅ አለ። በ2006 ሩምቤክ ተወለደ፣ ኡጋንዳ አደገ፣ ሴኔጋል ያለው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ፣ በ17 ዓመቱ በፓሪስ ኦሎምፒክ ለአገሩ ተሰለፈ፣ በ2025 በኤንቢኤ ምርጫ አሥረኛ ሆነ። ረጅም፣ ተከላካይ፣ የቅርጫት ሥር ሰው። ሸሪካት ላይ ቁመት ያለው ልጅ ሁሉ ራሱን በእሱ ያያል።

ማሉዋክ አካዳሚ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ እንቅስቃሴው በቪዲዮ ነበር። የሠፈሩ ልጅ ግን ከአሰልጣኙ ስልክ ለተጫዋች መልማዮች የሚላክለት የወረቀቱ ፎቶ ብቻ ነው። አሰልጣኙ «የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ቁመቱና ቁጥሩ» ይላል። «ቁመቱን እልካለሁ። ቁጥሩን ስልክ አራት ነጥብ፣ አምስት ፋውል ነው። መልስ አይመጣም።»

«ቁመቱን እልካለሁ። ቁጥሩን ስልክ መልስ አይመጣም።»

ረጅሙን ልጅ ስለ አምስቱ ፋውሎቹ ጠየቅሁት። ሌላ ሰው ይወቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጣቱን ቆጠረ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው እርዳታ ሲመጣ ነው፤ ሁለተኛው ዳኛው ተሳስቶ ነው፤ አራተኛው የራሱ ነው፣ ተናዶ ነበር። አምስተኛውን አሰልጣኙ ነው «ያዘው» ያለው። አሰልጣኙ ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ፦ «ያዘው አልኩ እንጂ እሱ ይያዘው አላልኩም።»

አዲሱ ዓምድ

ጠረጴዛው ጋ የሚቀመጠው ልጅ ከወረቀቱ ሌላ የትምህርት ቤት ደብተር ይዟል። በማስመሪያ አምስት ዓምድ ሠርቷል፦ ስም፣ ኳርተር፣ ውጤቱ በዚያ ሰዓት፣ በማን ላይ፣ ምክንያት። ምክንያት በሚለው ሥር በአጭሩ ይጽፋል፤ «እርዳታ»፣ «ትእዛዝ»፣ «ሪባውንድ ላይ»፣ «ንዴት»። ኳስ ይዞ ፋውል የሠራ አጥቂም እዚሁ ይገባል። «በማን ላይ» የሚለው ዓምድ ብቻውን የዩሮሊጉን ቀመር ግማሽ ይሞላል፤ ወረቀቱ የማይነግረን የተሠራበትን ሰው ነበርና።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጣጣውም ብዙ ነው። «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ላይ ሁለቱ አሰልጣኞች ተጣልተዋል። አንደኛው ልጆቹ የሠሩት ፋውል ሁሉ «ትእዛዝ» ተብሎ እንዲጻፍለት ይፈልጋል፤ ቁጥራቸው እንዳይበላሽ። ሌላኛው ደግሞ የተቃራኒውን ፋውል ሁሉ «ንዴት» ነው ይላል። ዳኞቹ በበኩላቸው፣ እኛ የነፋነውን ምክንያት ከእኛ ሌላ ማን ይጽፈዋል ብለው ቅር ተሰኝተዋል። ቅሬታቸው ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፤ ግን ዳኛ ፋውል መሆኑን እንጂ ለምን እንደተሠራ የማወቅ ግዴታ የለበትም።

እኔ ብጠየቅ «ምክንያት» የሚለውን ለጊዜው ትቼ ሌሎቹን አራት እይዛለሁ። ኳርተሩ፣ ውጤቱና የተሠራበት ሰው ከታወቁ አብዛኛው ምክንያት ራሱ ይወጣል። ቡድኑ በአምስት ነጥብ እየተመራ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ በተጋጣሚው ምርጥ ወርዋሪ ላይ ሳይሆን በደካማው ላይ የተሠራ ፋውል ንዴት አይደለም። ማንም ሳይጽፈው ይታወቃል።

ያም ቢሆን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን ይሞላል፣ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ የፋውል ካርቶኖቹን ያነሣል፣ አሁን ደግሞ ደብተሩን። የተባለው መፍትሔ በዚያን ቀን የማይጫወት ቡድን ሁለት ልጆች ለጠረጴዛ እንዲያዋጣ ነው። የትኛው ቡድን ቅዳሜ እንደሚጀምር ሲጠየቅ ሁሉም ዝም አለ፤ ምክንያቱም ቅዳሜ የማይጫወት ቡድን መሆን የሚፈልግ አልተገኘም።